«እሺ»ን እንዴት እንደ ጻፍኩት

ዘጠኝ ዓመት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ሥራውን ከለቀቅኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት በጡረታ የተሸኙ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ እኔን ግን የሸኘኝ የለም። ለምን እንደወጣሁ ሲጠይቁኝ «በአንድ ቃል ምክንያት» እላለሁ። ሰው ለአለቃዬ ክፉ ቃል የተናገርኩ ይመስለዋል። የተናገርኩት ነገር አልነበረም። የጻፍኩት ነው። ዛሬም ሳስበው ያ የጻፈው እጅ የእኔ አይመስለኝም።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። አባቴ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እናቴ የአርሲ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አባቴ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እናቴ በኦሮምኛ ትመልሳለች፤ እኔ መሀል ሆኜ አንዱ ከሌላው ያልሰማውን እሰማለሁ። አስተርጓሚነትን የጀመርኩት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ደንበኞቻችን ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሰዎች ስለነበሩ ሕግን የተማርኩት የሰው አቤቱታ እየተየብኩ ነው። ዐረብኛን ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ አጠናሁ። መጽሐፉን የሰጠኝ የሰፈሬ ልጅና አብሮ አደጌ ሙነዊር ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ጺማቸውን አሳጥረው የተቆረጡ ሽማግሌ በሁለት ቋንቋ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ሼኽ አማን ይባላሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ እኛ ቃዲ የምንለው፣ መሆናቸውን ያኔ አላወቅኩም።

«ይቅርታ አባቴ» አልኳቸው። «ሦስተኛው መስመር ላይ ኦሮምኛው ‹ተስማምታለች› ይላል፤ አማርኛው ‹ታዝዛለች› ይላል። የቱን ልጻፍ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ምን ተምረሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ያልተማረ ሰውማ እንዲህ አያሳፍረኝም። ስምህ ማነው?»

«ኑረዲን።»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ኑሬ። ‹ተስማምታለች› በለው።»

ከሁለት ወር በኋላ የቅጥር ማስታወቂያ ወጣ፤ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ደመወዙ ከጽሕፈት ቤቱ ብዙም አይሻልም፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ብዙ ነው። ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልግለጽ። በአገራችን ሕግ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስንና የልጆች ሞግዚትነትን የመሳሰሉ ጉዳዮችን የሚያየው ሁለቱም ወገኖች እዚያ ለመዳኘት ሲፈቅዱ ብቻ ነው። አንዱ አልፈቅድም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከፈቀዱ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ፈቅደሻል? ፈቅደሃል?» የሚለው ነው። መልሱን መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ጸሐፊው ነው። በእኛ አካባቢ መዝገቡ በኦሮምኛ ነው የሚያዘው፤ አማርኛ የሚናገር ባለጉዳይ ሲመጣ የእሱን ቃል ወደ ኦሮምኛ መልሼ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በአማርኛ አንብቤለት ይፈርማል። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ሼኽ አማን ያችን ጥያቄ የሚጠይቁበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። የዳኛው ወንበር ከወለሉ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነው። እሳቸው ይወርዱና ባለጉዳዮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ ከሴትዮዋ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ባል፣ ወንድም፣ አጎት፣ አብሮ የመጣ ሁሉ ይወጣል። እኔ ከጠረጴዛዬ አልነሳም። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሌላ ፍርድ ቤት መኖሩን ታውቂያለሽ?» ብለው ነው። አላውቅም ካለች የት እንደሆነ፣ በየትኛው ታክሲ እንደሚኬድ ሳይቀር ያስረዷታል። ከዚያ በኋላ ነው «እዚህ ለመዳኘት ፈቅደሻል?» የሚሏት። በሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልመለሰች አይቀበሏትም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት «እሺ» ስትል ፈቅዳለች ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ። እጄን ያዙኝ። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ጠየቁኝ።

«ኑሬ፣ ‹እሺ› ምን ማለት ነው?»

«ተስማምቻለሁ።»

«እናትህ ‹ዛሬ አምሽተህ እንዳትመጣ› ስትልህ ምን ትላታለህ?»

«እሺ።»

«ከዚያስ?»

ሳቅ አመለጠኝ።

«አምሽተህ ትመጣለህ። ‹እሺ› ማለት ሰምቻለሁ፣ አትቆጪኝ፣ ልሂድበት ማለት ነው። ‹ቶሌ›ም ያው ነው፤ በኦሮምኛ ስለተባለ ከልብ አይሆንም።»

በማግስቱ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፉልኝ። መልስ ብዬ እንዳልመዘግባቸው የከለከሉኝ ቃላት ናቸው፦ እሺ፣ ቶሌ፣ ኢንሻአላህ፣ እርስዎ እንዳሉ፣ እሱ ካለ። ከሥር ደግሞ «ዝምታ» ብለው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

ከሁሩታ ስንዴ የሚያርስ ሰውና ሚስቱ የመጡበት ጉዳይ አይረሳኝም። ሴትዮዋ አራት ጊዜ ብትጠየቅ አራት ጊዜ «እሱ ካለ» አለች። ሼኽ አማን አልተቆጡም። ስለ ዝናቡ ጠየቋት፣ ስለ አዝመራው ጠየቋት። ዙሁር ደርሶ ሰግደን ተመለስን። በአምስተኛው ላይ «እኔማ የዚያኛው ፍርድ ቤት ይሻለኝ ነበር፤ እህቴ ቤት አጠገቡ ነው» አለች። እሳቸው እየሳቁ ፋይሉን ዘጉት። ባልየው ሲገባና ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ሼኽ ሆነው ከሸሪዓ ያስወጧታል?»

«ገብታ መች አወቀች፤ ከየት አስወጣታለሁ?» አሉት።

ሙነዊር በዚያን ዘመን ተቀይሮ ነበር። ልጅ ሳለን ከሁላችን ይበልጥ የሚስቅ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ለመግዛት አዳማን ከዳር እስከ ዳር የሚዞር ልጅ ነበር። አሁንም ደግነቱ አልጠፋም፤ ግን አንድ ነገር በሁለት መንገድ ትክክል ሊሆን ይችላል ሲባል ይታመማል። «አኺ» ይለኛል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ፍርድ ቤቱ ግቢ መጣና ሼኽ አማንን አቆማቸው።

«ሼኽ፣ ሸሃዳ የያዘ፣ በአላህና በነቢዩ የመሰከረ ሙስሊም ፈቅዷል። የአላህን ፍርድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?»

«ከፈቀደችማ ብጠይቃት ምን ያስፈራሃል?»

«እርስዎ የሚጠይቁት ሕገ መንግሥቱ ስላዘዘዎት ነው።»

«ባያዘኝም እጠይቅ ነበር። ተገዶ የሰገደ ሰው የሰገደው ለማን ነው? ለአስገዳጁ ነው። ተገዶ የተዳኘም እንደዚያው።»

«የአላህን ሕግ ከሰው ሕግ በታች አደረጉት።»

«ልጄ፣ ሸሪዓው የአላህ ነው። ፍርዱ ግን የአማን ነው። አማን ደግሞ ይሳሳታል፤ ኑሬን ጠይቀው፣ አማርኛዬን ሳይቀር ያርመኛል። ከእኔ በላይ ይግባኝ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ይግባኝ የማይባልብኝ ካደረግከኝ ማን አደረግከኝ?»

ሙነዊር አልተረታም፤ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። በዚያው ወር አንድ የመንግሥት ሰው መጥቶ እነዚህ ልጆች ምን እንደሚያስቡ በስም ዝርዝር እንድንጽፍለት ጠየቀ። ሼኽ አማን «የሠሩትን ነገር ከሳችሁ አምጡልኝ፣ እዳኛለሁ። ያሰቡትን አልመዘግብም» ብለው መለሱት። ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡት። ያን ጊዜ ይህ ነገር ለማድረግ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ሼኽ አማን ወደ ይግባኝ ሰሚው ችሎት አደጉ፤ እኔ ተዛወርኩ። አርሲ ነገሌ ሁለት ዓመት ሠራሁ። እህል በሚወጣበት የገበያ ቀን ባለጉዳይ ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ የችሎቱ ክፍል የገብስ አቧራ ይሸት ነበር። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሄድኩ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ እዚያው ናቸው።

የአዲሱ ከተማ ቃዲ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈጣን ነበሩ። ጥያቄዋን ከመድረኩ ላይ ሆነው፣ ሁሉም በተቀመጠበት፣ ፋይሉን እያገላበጡ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን «ሌሎቹ ይውጡ?» እላቸው ነበር። «ልጄ፣ በር ላይ ያለውን ሰልፍ አየኸው?» ይሉኛል። ከሦስተኛው ወር በኋላ መጠየቅ ተውኩ። ሙነዊርም እዚያው ከተማ የልብስ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ከሥራ ስወጣ ሱቁ እቀመጣለሁ፤ ኪታብ እናነባለን፣ እንከራከራለን። እውነቱን ልናገር፤ እየቆየ ሲሄድ ክርክሩን መተው ጀመርኩ። «ለምን ይጠየቃል?» የሚለው ነገር እንደ ድሮው አያስደነግጠኝም ነበር።

ወይዘሮ ዘሀራ የመጣችው በአንድ ማክሰኞ ነው። ባሏ እህል ነጋዴ ነበር፤ ሞቷል። ላንጋኖ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ናት። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ሂክማ አሥራ አራት ዓመቷ፣ ስምንተኛ ክፍል፤ ሰሚራ ገና ዘጠኝ። የባሏ ታላቅ ወንድም ልጆቹን እኔ ላሳድግ ብሎ አመለከተ። ምክንያቱ እናትየው መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ትሠራለች የሚል ነው። ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ቢታይ እናት ናትና ልጆቹ ከእሷ እንደሚሆኑ የሰማ ሁሉ ይናገር ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያረፈው በአንዷ ጥያቄ ላይ ነው።

ጠዋት ስገባ ሙነዊርና ወደ አሥር የሚሆኑ ጓደኞቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። «አኺ፣ ዛሬ የየቲሞች፣ የሙት ልጆች ጉዳይ አለ» አለኝ በፈገግታ። «አላህ ያግዝህ።» ሌላ ምንም አላለኝም። አላስፈራራኝም። ይህን የምጽፈው በኋላ ራሴን ነፃ ለማውጣት ብዙ ጊዜ «አስፈራርተውኛል» ማለት ስላማረኝ ነው።

ቃዲው በኦሮምኛ ጠየቁ። እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ዘሀራ አማርኛ ተናጋሪ ናት።

«በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቅደሻል?»

በሩ ክፍት ነው። ወደ በሩ አየች። ከዚያ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ሲላቀቅ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። እኔ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

«እሺ» አለች።

ያ ወረቀት የተለጠፈበት ጠረጴዛ አዳማ ቀርቷል፤ ቃላቱን ግን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ የተጻፈችው እሷ ናት። «እሺ»ን «ቶሌ» ብዬ ብጽፋት እንኳ የሚያነበው ይግባኝ ሰሚ ይጠራጠር ነበር። እኔ የጻፍኩት «ኤየሜራ» ነው። ፈቅጃለሁ ማለት ነው። ፊደሉ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ መዝገቡን ሳየው እንደ ሌላ ቀን ጽሑፌ ውብ ነው።

በአማርኛ አንብቤላት መፈረም ነበረባት። አላነበብኩላትም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ያልሽውን ነው» አልኳት።

ፈረመች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቃዲው ልጆቹን ለአጎትየው ወሰኑ። ዘሀራ ችሎቱ ውስጥ አልጮኸችም። ወንበሩን ይዛ ቆማ «ፈቅጄ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ማንን እንደጠየቀች አይታወቅም። መዝገቡ ፈቅደሻል ይላል ተባለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙነዊር ሱቅ ገባሁ። ጅልባብ እያጣጠፈ ነበር። ለስላሳ ከፈተልኝ። ደስ ብሎታል።

«የምሥራች ልንገርህ። ለሂክማ ሽማግሌ ተልኳል።»

«ለየትኛዋ ሂክማ?»

«ለየቲሟ ነዋ። ከእኛ ልጆች አንዱ ነው፤ ታውቀዋለህ፣ ሱና የያዘ ልጅ። አጎቷ እሺ ብሏል። ትምህርቱንም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አቁማለች፤ ቤት ውስጥ ቁርኣን ትቀራለች።»

ጠርሙሱን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ያንን ያህል ጊዜ አብሬው የተቀመጥኩት ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቱን አየሁት። እሱው ነው።

«ሙነዊር፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።»

«ደርሳለች። ምን ነካህ?»

«ልጆቹን የወሰዳችሁት እናትየው ስለፈቀደች ነው። እናትየው አልፈቀደችም። ‹እሺ› ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «በሩ ላይ ነበርኩ እኮ። ሰምቻታለሁ።»

ጅልባቡን አጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«አንተ ምን ብለህ እንደጻፍክም አውቃለሁ። ለዲንህ ብለህ ነው። ወላሂ ኑሬ፣ ሁላችንም ዱዓ አድርገንልሃል። ከዚህ ነገር ትልቁ አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ ያንተ ነው።»

ብዙ ነገር ሰምቻለሁ በዘጠኝ ዓመት። ባል ሚስቱን፣ ወንድም ወንድሙን እንዴት እንደሚክድ ጽፌያለሁ። እንደዚያ የደነገጥኩበት ቀን ግን የለም። ተይዤ ብሆን፣ ተሰድቤ ብሆን ይሻለኝ ነበር። ተመሰገንኩ። አላህ ሐሰት የጻፈችን እጅ ይመነዳል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ያውም ዐረብኛ ያስጀመረኝ ሰው፣ ከልቡ እያመሰገነኝ ነው።

«የጻፍኩት ውሸት ነው» አልኩት።

«ውሸት ለማን? ለእነሱ መዝገብ? እሱ ጣዖት ነው አኺ።»

«ሴትዮዋስ?»

ሌላ ጅልባብ አነሳ። ከዚያ በቀስታ፣ ልክ ሲመክረኝ እንደሚናገረው ድምፅ፣ «ይህን ነገር ብትከፍት ከማን ጋር እንደምትሰለፍ አስብበት። ሙናፊቅ፣ በልቡ ዲኑን የከዳ አስመሳይ ትሆናለህ፤ እኔ ራሴ ሰላምታህን አልመልስም» አለኝ።

ዘሀራ ይግባኝ ማለቷን መዝገቡን አዳማ ስንልክ አየሁ። ይግባኟ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አልፈቀድኩም የሚል። የራሷ ፊርማ ከመዝገቡ ግርጌ ስላለ ማንም አያምናትም። ኒካሑ፣ የሂክማ ጋብቻ፣ ለየትኛው ሳምንት እንደተቆረጠ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ያለችው ይህ ነው፣ የጻፍኩት ይህ ነው፣ አላነበብኩላትም የሚል። ስሜን፣ ፊርማዬን፣ የመታወቂያ ቁጥሬን አስፍሬ አዳማ ሄጄ ለይግባኝ ሰሚው ሬጅስትራር ሰጠሁ። ስመለስ ሼኽ አማን ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። አርጅተዋል፤ ጡረታቸው ሁለት ወር ነው የቀረው። ወረቀቱ እንደገባ ሰምተዋል መሰለኝ፤ ላነጋግራቸው ስጠጋ እጃቸውን አነሱ።

«በችሎት» አሉኝ።

የችሎቱ ቀን ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ ሼኽ አማን መሀል ናቸው። ዘሀራና አጎትየው ከነጠበቃው አሉ። ሙነዊርና ጓደኞቹ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ስገባ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠሁ። ሙነዊር አልመለሰልኝም።

ሼኽ አማን መዝገቡን አሳዩኝ።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሴትዮዋ ያለችው ምንድን ነው?»

«እሺ።»

«አንተ የጻፍከውስ?»

«ኤየሜራ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ግራና ቀኝ ያሉት ዳኞች እሳቸውን አዩ።

«‹እሺ› ምን ማለት እንደሆነ የነገረህ የለም?»

«እርስዎ ነግረውኛል።»

«ፈርተህ ነው?»

«ፈርቼም ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም ሼኻችን። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሙናፊቅ» አለ። ሼኽ አማን ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ለረጅም ጊዜ እኔን ብቻ አዩኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረም። ከእጃቸው የወደቀ ነገር ተሰብሮ እንዳዩ ሰው ነበር የሆኑት። ከዚያ ሁሉም እንዲወጣ አዘዙ፤ አጎትየው፣ ጠበቃው፣ እነ ሙነዊር። እኔ ልወጣ ስነሳ «አንተ ቁም፤ ስማ» አሉኝ።

የይግባኙ መድረክ ከበፊቱ ከፍ ያለ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠርዙን ይዘው ነው የወረዱት። አግዳሚው ላይ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በአማርኛ ጠየቋት።

«ሌላ ፍርድ ቤት መኖሩን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቅደሻል?»

ዘሀራ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ሼኽ አማን አልቸኮሉም። ከዚያ እሷ ጠየቀች።

«እምቢ ብል ሙስሊም ነኝ?»

መድረኩ ላይ ያሉት ሁለቱ ዳኞች ቀና አሉ። ሼኽ አማን ራሳቸው የደነገጡ መሰለኝ። አርባ ዓመት ሲጠይቁ ኖረው ጥያቄው ወደ እሳቸው የዞረባቸው ያን ቀን ነው።

«ነሽ» አሏት።

«እርግጠኛ ነዎት? በሩ ላይ የነበሩት ልጆች ወጣሽ ማለት ነው ብለውኛል። ባሌ መቃብር ጎን እንደማልቀበር ነግረውኛል።»

«ከእኔ እኩል ሙስሊም ነሽ። አሁን አዛን ቢል አንቺም ትሰግጃለሽ፣ እኔም እሰግዳለሁ። የት እንደምትዳኚ የሚጽፈው ይሄ መዝገብ ነው። የማን እንደሆንሽ የሚጽፈው ሌላ ነው።»

ዘሀራ ነጠላዋን ለቀቀችው።

«እንግዲያው አልፈቅድም። በመደበኛው ፍርድ ቤት ልዳኝ።»

የችሎቱ ጸሐፊ ጻፈ፤ በአማርኛ አነበበላት፤ አንድ ጊዜ ድገመው አለችውና ደገመላት፤ ፈረመች። የበታቹ ውሳኔ ፈረሰ፤ ልጆቹ ቀድሞ ወደነበሩበት፣ ወደ እናታቸው እንዲመለሱ ለፖሊስ ደብዳቤ ተጻፈ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገር። እኔ በዲሲፕሊን ተከሰስኩ፤ ጥፋቴን አምኜ መልቀቂያ አስገባሁ። ክሱን የሰሙት ሰዎችም ክርክር አላበዙብኝም። አሁን እዚያው አዳማ ጽሕፈት ቤት ተመልሼ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ሼኽ አማን ጡረታ ወጡ። ሊሸኟቸው በተሰበሰቡ ጊዜ አልሄድኩም፤ አልጠሩኝምም። ሙነዊር አዳማ ሲመጣ መንገድ ላይ ካየኝ ይሻገራል። አንድ ቀን ግን እናቴ መታመሟን ሲሰማ፣ መድኃኒቱን ገዝቶ በሰው ልኮላታል። ይህን ነገር ምን ብዬ እንደምመዘግበው አላውቅም።

የችሎቱ ዕለት ስወጣ ዘሀራ በሩ ጋ ቆማ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ሂክማን ለማምጣት መኪና መያዝ አለባት። ትቸኩል ነበር። እኔን ስታይ ቆመች።

«አንተ ነህ አይደል የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እምቢ ብል ሙስሊም ነኝ ወይ ብዬ ያን ቀን እኮ ልጠይቅ የነበረው አንተን ነው። ዳኛው ያስፈራሉ፤ አንተ የእኔን ቋንቋ ስትናገር ሰምቼ ይሄ ይነግረኛል አልኩ። ቀና አላልክም።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ሄዳለች።

መልሱን አውቀው ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ልነግራት እችል ነበር።